“ቁጥር አምስት” ላላችሁን

“የዲቪዲ ዴኩ ተበላሽቷል” ይላሉ። አልተበላሸም፤ ታዟል። የተበላሸ ዴክ ያገኘውን ሁሉ ይተፋል። ይኼኛው ግን ከናይሮቢው ኢስሊ የመጣውን የሙዚቃ ዲስክ ያለ አንዳች ቅሬታ አጫውቶ፣ ከሚኒያፖሊስ የተላከውን ኦሪጅናል ፊልም ሲያጎርሱት ይመልሳል። ሌንሱ ጤነኛ፣ ሞተሩ ጤነኛ፣ ዲስኩም ጭረት የለበትም። ስክሪኑ ላይ “የሪጅን ስህተት” የምትል መስመር ትወጣለች፤ ከዚያ ዝም። ስህተቱ የማን እንደሆነ አትናገርም። እኔ እናገራለሁ።

“አይቶ የማይገዛ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው” ያለኝ ወዳጅ አለ። ወዳጄ፣ ፊልሙን ከሚኒያፖሊስ የላከችው አክስቴ አይታ ነው የገዛችው። ሽፋኑን አየች፣ ዋጋውን አየች፣ ከፈለች። ከሽፋኑ ጀርባ፣ ከጥቃቅኑ ጽሑፍ አጠገብ፣ በትንሽ የሉል ሥዕል ውስጥ “1” የምትል ቁጥር ነበረች። ለወንድሟ ልጅ ናይሮቢ ወዳለው ካሳራኒ ፊልም የምትልክ ሴት፣ ያቺ ቁጥር የወንድሟን ልጅ እንደምታግድ በምን ትወቅ? እንኳን እሷ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትርም አላወቁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ባራክ ኦባማ ለጎርደን ብራውን 25 የአሜሪካ ፊልሞችን በዲቪዲ አበረከቱላቸው። ብራውን አገራቸው ገብተው ለማየት ሲሞክሩ ሪጅኑ አልገጠመም ተብለው እንደቀሩ የእንግሊዝ ጋዜጦች ጻፉ። የፕሬዚዳንት ስጦታ በጠቅላይ ሚኒስትር ቤት ካልተከፈተ፣ አክስቴን “ባለማወቅሽ ነው” የሚል ሰው አፉን ይሰብስብ።

ፊልም አውጪዎቹ ዓለምን የከፋፈሉባቸውን የሪጅን ቁጥሮች ልዘርዝራቸው፤ ሲያግዱን እንጂ ሲገለጡልን አናውቅም። አሜሪካና ካናዳ 1። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2። ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋን፣ ሆንግ ኮንግና ደቡብ ምሥራቅ እስያ 3። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ላቲን አሜሪካ 4። ቻይና 6። 7 ለወደፊት የተቀመጠ። 8 የአውሮፕላንና የመርከብ ነው፤ ሰማዩንም አልተዉትም። እኛ 5 ነን፤ ከህንድ፣ ከሩሲያ፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ኮሪያ ጋር። “አፍሪካ 5 ናት” የሚል ካለ ይታረም፤ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌሶቶና የያኔዋ ስዋዚላንድ ከአውሮፓ ጋር 2 ተብለዋል። በዚህ ካርታ ናይሮቢ የኡላንባታር ጎረቤት፣ የካይሮ ባዕድ ናት። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ካይሮ ሲደርስ ቁጥር አይጠየቅም፤ ፊልም ግን ይጠየቃል።

አሁን ደግሞ የእኛን ቤተሰብ ቁጠሩልኝ። አክስት ሚኒያፖሊስ፣ 1። እህት ዱባይ፣ 2። የአጎት ልጅ ሜልቦርን፣ 4። ጓንዡ ዕቃ የሚያመላልሰው ወንድም፣ 6። እናት አዲስ አበባ፣ ልጅ ካሳራኒ፣ 5። አንድ ቤተሰብ፣ አምስት ቁጥር።

“ሰው ፊልም የሚያየው በሚኖርበት አገር ነው” ብለው ነው ይህን ያወጡት። የእናንተ ሰው ይሆናል። የእኛ ሰው በአንዱ አገር ይወለዳል፣ በሁለተኛው ወረቀት ይጠብቃል፣ በሦስተኛው ይሠራል፣ ዓመት በዓሉን በስልክ ያከብራል። ናይሮቢ ውስጥ የስደተኛ ጉዳያቸው መልስ እስኪያገኝ ዓመት በዓመት ላይ የሚደራርቡ ወገኖች አሉ፤ አብረውኝ በማታቱ የሚሳፈሩ፣ ሲዝንስ ፌርማታ ላይ ወርደው በእግር የሚገቡ። ለእነዚህ ሰዎች ከእህት የተላከ ፊልም ቅንጦት አይደለም። እሷ ባለፈው ሳምንት አይታዋለች፣ እሱ ዛሬ ያየዋል፣ ነገ “ያቺ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ለምን ተመለሰች?” ተባብለው ይከራከሩበታል። ስለ ወረቀት ያልሆነ፣ ስለ ገንዘብ ያልሆነ፣ ስለ ናፍቆት እንኳ ያልሆነ ወሬ ያገኛሉ። ቁጥሩ የሚቆርጠው ይህን ወሬ ነው። ስለ ዴክ ብዙ ማለቴ ያስገረመው ሰው ካለ፣ መልሴ ይኸው ነው።

“ገበያን ሥርዓት ለማስያዝ ነው” ይላሉ ተቆርቋሪዎቹ። ታሪኩን አውቀዋለሁ። ዲቪዲ ለሽያጭ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 በጃፓን፣ በማርች 1997 በአሜሪካ ነው። ያኔ አንድ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታይቶ ወደ ሌላው ዓለም የሚሻገረው ከወራት በኋላ ነበር። የአሜሪካው ዲስክ ቀድሞ ገበያ ከወጣና ባሕር ከተሻገረ፣ የሌላው አገር ሲኒማ ቤት ባዶ ወንበር ታቅፎ ይቀራል ብለው ሰጉ። ዋጋውንም በየአገሩ ለያይቶ መሸጥ ፈለጉ። ስጋቱን እቀበላለሁ፤ ሲኒማ ቤት እንዲዘጋ አልመኝም። ግን ከ50 ዓመት በፊት ከሲኒማ የወረደው ፊልም ምን በደለ? እሱም ተቆልፎ ተሸጠ። ተዋንያኑ በሕይወት የሌሉ ጥቁርና ነጭ ፊልም የትኛውን ሲኒማ ቤት ሊያከስር ነው? ስጋቱ የወራት ነበር፤ ቁልፉ የዕድሜ ልክ ሆነ።

“ለድሃ አገር በርካሽ እንዲሸጥ ነው።” ይህኛው መከራከሪያ ቁም ነገር አለው፤ በሩሲያና በህንድ ከአሜሪካው የረከሱ እትሞች ወጥተዋል። የእኛስ? አዲስ አበባ ሲዲ ቤት ለሲዲ ቤት ስዞር፣ “5” ተብሎ የታተመ ኦሪጅናል የሆሊውድ ዲስክ ያጋጠመኝ ቀን የለም። ቁልፉን አመጣችሁ፣ ዕቃውን አስቀራችሁ። ርካሹን ሳትሸጡልን ውዱን ከልክላችሁናል፤ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ብትመርጡ ምን ነበረበት!

“ሁሉም አገር የራሱ ደንብ አለው” ያሉኝ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ፣ አልስማማም። ጋሼ፣ ያ ማዶ የሚታየው የካሳራኒ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራ ነው። በኦገስት 2021 ከ20 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲደረግበት ታደሰ ወርቁ 3000 ሜትሩን አሸንፏል። ለኢትዮጵያዊው 3000፣ ለኬንያዊው 3000፣ ለአውሮፓዊው 3000 ነበር። ትራኩ ፓስፖርት አልጠየቀም። የአገር ደንብ የአገሩ ሰው ያወጣው ነው፤ ይህን ቁጥር ግን የኬንያም የኢትዮጵያም ፓርላማ አላወጣውም። ደንብ ካሉት፣ የማን ደንብ?

ከፍሎ የገዛ ሰው የገዛው ፊልሙን ነው፤ የሚያይበትን ከተማ አልተከራየም። ከመርካቶ የተላከልኝን በርበሬ ካሳራኒ ውስጥ ስሠራው ድስቱ “ይኼ የዚህ አገር አይደለም” ብሎ አይከደንም።

“ለመሆኑ ቁልፉ የት ነው ያለው?” ብላ የጎረቤቴ ልጅ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዲስኩ ላይ ስምንት ቦታ ያላት አንዲት ባይት አለች። እያንዳንዷ ቦታ ለአንድ ሪጅን ናት፤ “ይፈቀድ” ወይም “ይከልከል” ትላለች። ዴኩ ውስጥ ደግሞ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ዴኩ ዲስኩን ሲቀበል ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልገጠሙ ይቆማል። ልዩ ሌንስ የለም፣ ልዩ ሞተር የለም። ታዲያ ዕቃ ሠሪው ለምን ይታዘዛል? ፊልሞቹ ሲኤስኤስ በሚባል ምስጢራዊ አጻጻፍ ተሸፍነዋል፤ ያንን የሚፈታበትን ፈቃድ የሚፈልግ ፋብሪካ ሪጅን እንደሚያስከብር መፈረም አለበት። ስለዚህ ቁልፉ ውል ነው። ፊልም አውጪው ፈረመ፣ ዕቃ ሠሪው ፈረመ፤ የሁለቱንም ደመወዝ የሚከፍለው ገዢ ግን ውሉን አላየውም።

“እንግዲያ ሌላ ዴክ መግዛት ነዋ!” የለም፤ መጀመሪያ ሪሞቱን አንሱ። ለናይሮቢና ለቶሮንቶ ሁለት ዓይነት ቦርድ መሥራት ለፋብሪካው ወጪ ነው፤ አንድ ቦርድ ሠርቶ ቁጥር ይጽፍበታል። የተጻፈ ይለወጣል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ትሪውን ከፍቶ፣ ወደ ሴቲንግ ገብቶ፣ ለዚያ ሞዴል የተመደበችውን የቁጥር ተራ ሲጫኑ የተደበቀ ሜኑ ይወጣል። እዚያ 5ን ወደ 0 መለወጥ ነው፤ 0 ሁሉንም ተቀበል ማለት ነው። ሁሉም ዴክ አይታዘዝም፤ የትኛው እንደሚታዘዝ ግን የናይሮቢው ሉቱሊ አቬኑ ዴክ ሻጮችና የሰፈራችን ፉንዲዎች፣ ማለትም ዕቃ ጠጋኞች፣ ያውቃሉ። ገና ሲሸጡ ከፍተው የሚሸጡም አሉ። “ይኼ ፉንዲ ምን ተምሮ ነው?” የሚል ሰው ሰምቻለሁ። መሐንዲስ የዘጋውን ከፈተ፤ ከዚህ በላይ ምን ይማር?

አውጪዎቹ ግን ዝም አላሉም። ሁሉን የሚቀበል ዴክ ሲበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ አንዳንድ ዲስኮች ላይ ሌላ ፍተሻ ጨመሩ፤ “ዘ ፓትሪዮት” ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዲስኩ ራሱ ዴኩን ይመረምራል፤ “ሁሉንም እቀበላለሁ” የሚል ዴክ ካገኘ አልጫወትም ይላል። መድኃኒቱ ዴኩን በ0 ሳይሆን በ1 አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። እንግዲህ እዩት፤ ያን ሁሉ ድካም ፊልሙን በየቋንቋችን ለመጻፍ ቢያውሉት የት በደረስን።

ይህን ሳነሳ አንድ ነገር ይቆጨኛል። የዲቪዲ አሠራር በአንድ ዲስክ ላይ እስከ 8 የድምፅ መስመርና እስከ 32 የጽሑፍ ትርጉም መያዝ ይፈቅዳል። 32! እጄ በገቡት የሆሊውድ ዲስኮች ላይ አንድም አማርኛ አላገኘሁም። ስዋሂሊም እንዲሁ። “ገበያው ትንሽ ስለሆነ ነው” ይሉኛል። ለመተርጎም ትንሽ የሆንን፣ ለመታገድ እንዴት በቃን? ናይሮቢ ውስጥ ዲጄ አፍሮ የውጭ ፊልም ላይ ሸንግ በሚባለው የወጣቶች ቋንቋና በስዋሂሊ እየተረከ ሕዝብ ያስከተለው፣ አውጪዎቹ የተዉትን ክፍተት አይቶ ነው። ተመልካቹ ነበረ፣ ጆሮውም ነበረ፤ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ ደግሞ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያዎች ሪጅናቸውን መለወጥ የሚቻለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በአምስተኛው ላይ የቆመበት ቁጥር ይጸናል። ልጆች “እሺ” የሚለውን እየተጫኑ አምስቱን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሱታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ “ሪጅን ልለውጥ?” ሲል አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ቪኤልሲን ሞክሩ፤ ነፃ ነው፣ በፈረንሳይ ተማሪዎች የተጀመረ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ሳያስለውጥ ያጫውታል።

“ሕገ ወጥ ነገር እያስተማርክ ነው።” ይህን የሚለኝ ሰው ሁለት ነገር አቀላቅሏል፤ ማየትንና ማባዛትን። እ.ኤ.አ. በ1999 ዮን ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲኤስኤስን የሚፈታ ፕሮግራም አወጣ። ተከሰሰ። በጃንዋሪ 2003 የኦስሎ ፍርድ ቤት ነፃ አለው፤ አቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ በዲሴምበር 2003 ይግባኝ ሰሚውም ነፃ አለው። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ በሕጋዊ መንገድ የገዛኸውን ዲስክ ከፍተህ ማየት መብትህ ነው የሚል ነው። የኖርዌይ ፍርድ ካሳራኒን አይገዛም፤ የሌሎች አገሮች ሕግ የጠበቀ መሆኑንም አውቃለሁ። የዳኞቹ ምክንያት ግን ትክክል ነው፤ የትም አገር ትክክል ነው። የገዛሁትን ባይ የሰረቅሁት ከማን ነው?

እውነተኛው ስርቆት የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ናይሮቢ ሪቨር ሮድ ላይ የሚሸጠው ኮፒ ሪጅን የለውም። የሚያባዛው ሰው ቁጥሩን አውልቆ ነው የሚያባዛው። ስለዚህ ኮፒ የገዛ ሰው ምሽቱን ፊልም ያያል፤ ኦሪጅናል የገዛ ሰው ምሽቱን ስህተት ያነባል። “ቁልፉ ሌባን ለመከላከል ነው” የምትሉ፣ ሌባው ቁልፉን ያየበት ቀን የለም። የያዘው ደረሰኝ ያለውን ሰው ነው። ልጁን “ኦሪጅናል ግዛ፣ የሰው ላብ አትብላ” ብሎ የሚያሳድግ አባት፣ ልጁ ፊት ኦሪጅናሉ እምቢ ሲልበት ምን ይበለው? ይህ ነገር ያናድደኛል። ታማኝነትን የሚቀጣ ዕቃ ማምረት ነውር ነው።

ኮፒ ሲሸጥ ደስ የሚለኝ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር፣ የእኛን ሰዎች ጉዳት አልዘነጋሁም። ዘፋኞቻችንና ፊልም ሠሪዎቻችን በኮፒ ስንት ዓመት ደሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ያ ጩኸት ባለበት ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ አልቆመም። ነገር ግን ልዩነቱን እዩ፤ የእኛ ሰዎች እንዲያ እየተዘረፉ፣ “የጅማ ሰው ይይ፣ የናይሮቢ ሰው አይይ” አላሉም። የአማርኛ ሙዚቃና ፊልም ለዓመታት የዞረው በቪሲዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ሪጅን የሌለው፣ ምስጢራዊ አጻጻፍ የሌለው። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ልቡ የተሰቀለ ሰው ተነስቶ ሁለተኛውን ያስገባል። ግን የትም ይከፈታል። ሞያሌን ተሻግሮ ኢስሊ ሲገባ፣ ከኢስሊ ካሳራኒ ሲደርስ፣ “ስህተት” ያለው ዴክ የለም። ደሃው ዲስክ ሰው አልለየም።

“ታዲያ የእናንተ ፊልም አይደለም፤ የሆሊውድን ምን አስጮኻችሁ?” የእኛም አለበት። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ የተባለ የመጽሐፍና የፊልም ሱቅ ከፍተዋል። ፊልማቸው “ጤዛ” እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። “ድፍረት” የተባለው ፊልም በ2014 ሰንዳንስ ላይ ታይቶ ተሸልሟል፤ የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” (በግ) ደግሞ በ2015 ካን ደርሷል። የእኛ ታሪክ ባሕር ማዶ ታትሞ በዲስክ የሚመለስበት ዘመን ነው። ስለዚህ የባሕር ማዶ ዲስክ የእኛም ጉዳይ ነው።

አሁን ከፊልም ወደ ሠርግ ዲስክ ልለፍ። “የልጄ የሠርግ ዲስክም ተቆልፏል” ያሉኝ እትዬ አሉ፤ ልጃቸው ዴንቨር ነው የተዳረችው። እትዬ፣ የእርስዎ አልተቆለፈም። ቪዲዮ አንሺ በኮምፒውተሩ የሚጽፈው ዲስክ ሪጅን አይኖረውም። የእርስዎ ችግር ሌላ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ አሜሪካ በኤንቲኤስሲ፣ ኬንያና ኢትዮጵያ በፓል ነው የሚቀርጹት። የእነሱ ምስል 525 መስመርና በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስል ነው፤ የእኛ 625 መስመርና 50 ግማሽ ምስል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን የእነሱን ሲያሳይ ቀለሙን ይጥላል፣ ወይም ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል። የዴኩን ሜኑ ከፍተው ከፓል ወደ “አውቶ” ወይም “መልቲ” ሲያዞሩት ይስተካከላል፤ አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ይቀበላል። ሁለተኛው፣ አንሺው ዲስኩን ጽፎ ሳይዘጋው ቀርቶ ይሆናል፤ ያልተዘጋ ዲስክ በራሱ ማሽን እንጂ በሌላ ዴክ አይነበብም፤ ዴንቨር ደውለው ዘግቶ ይላክ። ሦስተኛው፣ ዴክዎ አሮጌ ከሆነ ዲቪዲ ፕላስ አር የተባለውን ዓይነት ላይወድ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የእናት አገሩን ሠርግ ወደ አሜሪካ የሚልክ ሰው ይጠንቀቅ፤ የእነሱ ዴክ የእኛን ፓል በአብዛኛው አያጫውትም፤ ቀራጩ በኤንቲኤስሲ እንዲያወጣው ይነገረው።

“እንግዲያ ዴኩን ከነዲስኩ ከአሜሪካ ያምጡልኝ” የሚልም አለ። ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ። “110–120 ቮልት” ካለ፣ የኬንያ 240 ቮልት ያነደዋል፤ “100–240” ካለ በሰላም ይሠራል። ጢስ ካየህ በኋላ ሪጅን አትጠይቀኝ።

“ይህ ሁሉ እኮ አልፎበታል፤ ብሉ ሬይ መጥቷል።” መጥቷል፤ ቁጥሩን በፊደል ለውጦ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ዓለምን ለሦስት ከፈለ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። አፍሪካ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ጋር ቢ ሆነች። የሜልቦርኑ የአጎት ልጅ ያኔ ታረቀን፤ የሚኒያፖሊሷ አክስት አሁንም ኤ ናት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ ከፍተኛ ጥራቱ አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ ወጣ፤ ያለ ሪጅን ወጣ። ሆሊውድ አልፈረሰም፣ ሲኒማ ቤት አልተዘጋም። ሃያ ዓመት “ያለ ቁልፉ እንሞታለን” ያሉ ሰዎች፣ ቁልፉን ጥለው በሕይወት አሉ። ታዲያ ያለፉት ዲስኮች ለምን ታሰሩ? ይህን የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

“ዲስክ ሞቷል፤ ኢንተርኔት ላይ እይ” የሚለኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ልጄ፣ ዲስኩ ቢሞትም ቁጥሩ አልሞተም፤ አሁን የማይታይ ሆኗል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ከ130 በላይ አዳዲስ አገሮች በአንድ ቀን ሲገባ ኬንያም ኢትዮጵያም ነበሩበት። ዝርዝሩ ግን አገር ለአገር ይለያያል። አክስትህ በስልክ “ይህን እይ” ስትልህ ፈልገህ ያጣኸው ፊልም፣ ኖሮ አልጠፋም፤ ላንተ አልተፈቀደም። ዩቲዩብም “በአገርዎ አይገኝም” ይላል። ዲስኩን ፉንዲ ይከፍተዋል፤ ይህን ማን ይከፍተዋል? ዲስክ ደግሞ ይላካል፣ ይሰጣል፣ ይወረሳል፤ የወር ክፍያ የተቋረጠበት ፊልም ግን ማንም ለማንም አያወርሰውም። ኔትፍሊክስ ራሱ በፖስታ ዲስክ መላኩን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አቁሟል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ዲስክ አትጣሉት፤ ዴኩንም አትጣሉት።

“እንግዲህ ምን ይደረግልህ?” ላላችሁኝ፣ ለመጠየቅ አላፍርም። የሉቱሊ አቬኑ ሻጮች፣ ዴኩ ስንት ቁጥር እንደሚቀበል ካርቶኑ ላይ ጻፉልን፤ ገዢ ቤቱ ገብቶ አይወቀው። ከባሕር ማዶ የምትልኩ ዘመዶች፣ ከዋጋው በፊት የሉሏን ቁጥር እዩ፤ 0 ወይም “ሁሉም” የሚል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። የአማርኛ ፊልም በኢንተርኔት የምታወጡ ወገኖቼ ደግሞ፣ የምታወጡበት መድረክ “በየትኞቹ አገሮች ይታይ?” ብሎ ዝርዝር ከዘረጋላችሁ በችኮላ አትለፉት። ለውጭ አገር ተመልካች ብላችሁ አሜሪካንና አውሮፓን መርጣችሁ አትውጡ። ኬንያ ላይም ምልክት አድርጉ፤ ካሳራኒ ውስጥ በኤምፔሳ የሚከፍል ሰው አለ።